ስታቲስቲክስን በምን እንለማመድ? በወረቀት፣ በኤክሴል፣ በኮድ ወይስ በሳንቲም

የስታቲስቲክስ መግቢያ የሚማሩ ሰዎች ሲያማክሩኝ ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ ስለ መሣሪያ ነው። «ኤክሴል ይሻላል ወይስ አር?» «ፓይተን ልጀምር?» «በዚህ ዘመን በእጅ መሥራት ምን ይረባል?» ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፦ የምትሳሳቱት የቱ ጋ ነው?

ይህን የምለው እኔም ስላለፍኩበት ነው። የመጀመሪያውን ኮርስ ስወስድ ልምምዴ ሁሉ ስሌት ነበር። ቀመሩን ከሰጡኝ ቁጥሩን አስገብቼ መልሱን አወጣለሁ። ፈተናው ላይ ግን ቀመር አልነበረም። ሰዎች ከሥልጠና በፊትና በኋላ ተለክተዋል፣ ለውጥ አለ ወይ ይላል ጥያቄው። ስሌቶቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። የትኛው እዚህ እንደሚገባ ግን አላውቅም። ወራት የለፋሁት ለሌላ ዓይነት ፈተና ነበር ማለት ነው።

ጀማሪ የሚሳሳተው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው የስሌት ስህተት ነው፤ የሚካፈለውን ማባዛት፣ ስኩዌር ሩት መርሳት። ሁለተኛው የምርጫ ስህተት ነው፤ ለጥያቄው የማይሆን ዘዴ መጠቀም። ሦስተኛው የትርጉም ስህተት ነው፤ ቁጥሩን በትክክል አግኝቶ የማይለውን ነገር «ይላል» ማለት። ከታች የማነጻጽራቸው የልምምድ መንገዶች እያንዳንዳቸው አንዱን ስህተት በደንብ ያክማሉ፣ ሌላውን ግን አይነኩትም። ስለዚህ ስታነቡ «የትኛው ይበልጣል» ከማለት «የእኔን ስህተት የሚያክመው የትኛው ነው» እያላችሁ አንብቡ።

በወረቀትና በእርሳስ

ይህ መንገድ ቀርፋፋ ነው። ጥቅሙም ከዚያው ይመጣል። እነዚህን አምስት ቁጥሮች ውሰዱ፦ 2፣ 4፣ 4፣ 5፣ 10።

ድምራቸው 25 ነው፣ አማካያቸው 5። አሁን እያንዳንዱ ቁጥር ከ5 ምን ያህል እንደሚርቅ ጻፉ፦ −3፣ −1፣ −1፣ 0፣ 5። ደምሯቸው። ዜሮ ይመጣል። ሌሎች ቁጥሮች ወስዳችሁ ከራሳቸው አማካይ ያላቸውን ርቀት ብትደምሩም ዜሮ ነው የሚመጣው። አማካይ ማለት ወደ ላይ ያለው ርቀትና ወደ ታች ያለው ርቀት የሚመጣጠኑበት ቦታ ስለሆነ ነው። ርቀቶቹን ዝም ብሎ መደመር ምንም አይነግረንም። ለዚህ ነው ስኩዌር የምናደርጋቸው፦ 9፣ 1፣ 1፣ 0፣ 25። ድምሩ 36። ለ4 ሲካፈል 9 ይሆናል፤ ይህ ቫርያንሱ ነው። ስኩዌር ሩቱ 3፤ ይህ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ነው።

ቁጥሮቹ አምስት ሆነው ለምን ለ4 አካፈልን? መልሱ ወረቀቱ ላይ አለ። ከአምስቱ ርቀቶች አራቱን ብነግራችሁ አምስተኛውን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ፤ ድምሩን ዜሮ ማድረግ አለበትና። እንደፈለገ መሆን የሚችሉት አራቱ ብቻ ናቸው። «ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም» የሚባለውና ብዙ ሰው ሸምድዶ የሚያልፈው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

አሁን ደግሞ 10ን አጥፍታችሁ 20 ጻፉ። አማካዩ ከ5 ወደ 7 ይዘላል። ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው ቁጥር፣ ማለትም ሚዲያኑ፣ 4 ላይ ንቅንቅ አይልም። «አማካይ በጣም በሚርቁ ቁጥሮች ይጎተታል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ከማንበብ ይህን አንድ ጊዜ መሥራት ይበልጣል።

በእጅ መሥራት የስሌት ስህተትን ያክማል፤ ቀመሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነም ያሳያል። ነገር ግን ወሰን አለው። አንድን ቀመር በትናንሽ ቁጥሮች ሦስት አራት ጊዜ ከሠራችሁት በቂ ነው። ሠላሳ ቁጥር ይዞ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በእጅ ማውጣት ልምምድ ሳይሆን ድካም ነው። ኮሪሌሽንንም (ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚለዋወጡ የሚለካውን ቁጥር) በአምስት ነጥቦች አንዴ ሥሩትና ወደ ኮምፒውተር እለፉ።

ኤክሴል፣ አር፣ ፓይተን

ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ትልቁ ጥቅማቸው ዳታው ፊት ለፊት መታየቱ ነው። አንድ ቁጥር ትቀይራላችሁ፣ አማካዩና ግራፉ ወዲያው አብረው ይቀየራሉ። ለመጀመር ምንም መማር አያስፈልግም። ጉዳታቸው ሥራው ሴሎቹ ውስጥ ተደብቆ መቅረቱ ነው። ከወር በኋላ ፋይሉን ስትከፍቱ ያንን ቁጥር እንዴት እንዳገኛችሁት ለማወቅ ሴል በሴል መጫን ሊኖርባችሁ ነው።

አር የኮድ ቋንቋ ነው፤ የተጀመረውም በትክክል ለስታቲስቲክስ ሥራ ነው። በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ መሥራት ሲጀምሩ የስታቲስቲክስ መግቢያን ለማስተማር አስበው ነበር። በነፃ ይገኛል። የመለማመጃ ዳታዎችም አብረውት ይመጣሉ። ፓይተን ደግሞ ለብዙ ሥራ የሚሆን ቋንቋ ነው፤ ስታቲስቲክሱ የሚገኘው በተጨማሪ ጥቅሎች ነው። የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። ኮድ ጽፋችሁ የማታውቁና ዓላማችሁ ስታቲስቲክስ ብቻ ከሆነ አር ይሻላችኋል። ፓይተን ቀድሞ የምታውቁ ከሆነ ግን ባላችሁበት ቆዩ። ለዚህ ደረጃ ቋንቋ መቀየር ጊዜ ማባከን ነው።

አንድ ነገር አደራ። ኮድ መጻፍንና ስታቲስቲክስን በአንድ ሳምንት አብራችሁ አትጀምሩ። ነገሩ እምቢ ሲላችሁ ያልገባችሁ ኮማው ይሁን ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (እውነተኛው አማካይ ይገኝበታል ብለን የምንገምተው ክልል) መለየት ያቅታችኋል። መጀመሪያ በወረቀት የገባችሁን ነገር ወደ ኮድ አምጡ።

ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚያስገድድ ትምህርት ክፍል አለ። ችግር የለውም፣ ሜኑ ተጭኖ ይሠራል። ፈተናው ከዚያ በኋላ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰንጠረዥ ያወጣና የትኛውን መስመር ማንበብ እንዳለባችሁ ሳታውቁ ትቀራላችሁ። ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት የምትፈልጉትን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ጀምሩ።

እዚህ ላይ ሁሉንም የሚመለከት አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። ኤክሴል ለስታንዳርድ ዲቪዬሽን ሁለት ፈንክሽኖች አሉት። አንዱ በኤስ ፊደል ያልቃል፤ ለናሙና ነው፣ ከብዛቱ አንድ ቀንሶ ያካፍላል። ሌላው በፒ ያልቃል፤ ያለው ዳታ ሙሉው ነው ብሎ በብዛቱ ያካፍላል። የቅድሙን አምስት ቁጥሮች ብትሰጧቸው አንዱ 3 ይላችኋል፣ ሌላው ወደ 2.68 ገደማ። ፓይተን ውስጥም ነምፓይ የተባለው ጥቅል ካልነገራችሁት በስተቀር በብዛቱ ያካፍላል፣ ፓንዳስ የተባለው ጥቅል ደግሞ አንድ ይቀንሳል። አርም አንድ ይቀንሳል። በወረቀት ያልሠራ ሰው ይህን ሲያይ «ኮምፒውተሩ ተሳስቷል» ይላል ወይም ከነጭራሹ ሳያስተውል ያልፋል። የሠራ ሰው ግን የቱ ለምን እንደመጣ ወዲያው ያውቃል።

በሳንቲምና በካርድ መሞከር

ሰዎች በብዛት የሚዘሉት መንገድ ይህ ነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህንኑ ነው። ፒ-ቫሊዩ፣ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል፣ የናሙና ስርጭት (ናሙና ደጋግመን ስናወጣ ውጤቶቹ የሚበተኑበት መልክ) የሚባሉት ነገሮች በቀመር ብቻ ሲማሯቸው አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። በእጅ ሲሞከሩ ግን የሚታዩ ነገሮች ናቸው።

አንድ ሳንቲም 10 ጊዜ ወርውሩ። ስንት ዘውድ ወጣ? ጻፉት። እንደገና 10 ጊዜ። እንደገና። ሃያ ሠላሳ ዙር ስትደርሱ አንድ ነገር ታያላችሁ፤ በትክክል 5 ዘውድና 5 ጎፈር የሚወጣው ከጠበቃችሁት በጣም ያነሰ ነው። ስሌቱ 24.6 በመቶ ይላል። ከአራት ዙር አንዱ ብቻ እንደ ማለት ነው። ሚዛናዊ ሳንቲም ሁልጊዜ ሚዛናዊ ውጤት ይሰጣል ብሎ መጠበቅ የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው። ይህን በቃል ከሚነገራችሁ ይልቅ ጣታችሁ ሲያውቀው አይረሳም።

አሁን አንድ ሰው ሳንቲም ሰጣችሁና 10 ጊዜ ወርውራችሁ 8 ዘውድ አገኛችሁ እንበል። ሳንቲሙ ያጋደለ ነው? ሚዛናዊ መሆኑን በምታውቁት ሳንቲም የሞከራችኋቸውን ዙሮች አውጡና 8 እና ከዚያ በላይ ዘውድ የወጣባቸውን ቁጠሩ። በረጅሙ ቢሞከር 5.5 በመቶ ገደማ ላይ ያርፋል። በተቃራኒው በኩል፣ ማለትም 2 እና ከዚያ በታች፣ እኩል ያህል ስላለ ሁለቱ ሲደመሩ ወደ 10.9 በመቶ ይሆናል። ፒ-ቫሊዩ ይኸው ነው። ሳንቲሙ ሚዛናዊ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የባሰ ውጤት በምን ያህል ዙር ይታይ ነበር? ጥያቄው «ሳንቲሙ ሚዛናዊ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?» አይደለም። ሁለቱ ጥያቄዎች በቃል ሲነገሩ ይመሳሰላሉ። እየወረወረ የቆጠረ ሰው ግን የቆጠረው የመጀመሪያውን እንደሆነ ስለሚያውቅ አያምታታቸውም።

ይህ የልጆች ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1908 ዊልያም ጎሴት፣ በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ የሚሠራው ሰው፣ «ስቱደንት» በሚል ስም ዛሬ ቲ-ቴስት የምንለውን አማካዮችን የማነጻጸሪያ ዘዴ የወለደውን ጽሑፍ ሲያወጣ ቀመሩን የፈተነው በካርድ ነበር። የ3,000 እስረኞችን ቁመትና የግራ እጅ መሐል ጣት ርዝመት ካርድ ላይ ጻፈ፣ በደንብ በወዘ፣ አራት አራት አድርጎ 750 ናሙና አወጣ። ከዚያ የናሙናዎቹ ውጤት ከቀመሩ ጋር ይስማማ እንደሆነ አየ። ጆን ኬሪች የተባለው የሒሳብ ሊቅ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዴንማርክ ውስጥ ታግቶ ሳለ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወርውሮ 5,067 ዘውድ መዝግቧል።

እናንተ 10,000 ጊዜ መወርወር የለባችሁም። መጀመሪያ በእጅ ጥቂት ዙር ሞክሩ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ይወርውርላችሁ። አር ላይ ጥቂት መስመር ነው፣ ኤክሴልም በዘፈቀደ ቁጥር ማውጫው ይሠራዋል። ለኮንፊደንስ ኢንተርቫል ይህን ሞክሩ። አማካዩን ከምታውቁት ብዙ ቁጥር ውስጥ 20 በዘፈቀደ አውጡና 95 በመቶ ኢንተርቫሉን አስሉ። ይህን 100 ጊዜ ድገሙት። ከመቶው ወደ 95 የሚሆኑት እውነተኛውን አማካይ ውስጣቸው ይይዙታል፣ ጥቂቶቹ ይስቱታል። «95 በመቶ» የሚለው ቃል የሚናገረው ስለ ዘዴው እንጂ ስለ አንዱ ኢንተርቫል አለመሆኑ እዚያው ፊታችሁ ይገለጣል።

ይህ መንገድ የትርጉም ስህተትን ያክማል። የማያደርገው ነገርም አለ። ፈተና ላይ ፈጥኖ ማስላትን አያስተምርም፤ ሳንቲም እየወረወሩ ብቻ ፈተና ለመግባት ማሰብም አይገባም።

የመጽሐፍ ጥያቄ ወይስ እውነተኛ ዳታ?

የመጽሐፍ ጥያቄ ንጹሕ ነው። ቁጥሮቹ ያምራሉ፣ መልሱ ከኋላ አለ። አንድን ዘዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለማመዱ ከዚህ የተሻለ የለም። እውነተኛ ዳታ ውስጥ ግን የጎደለ ቁጥር አለ፣ በስህተት የተጻፈ አለ፣ ማንም ጥያቄ አዘጋጅቶ አይሰጣችሁም። ብዙ ሰው የሚያስተምርበት የፔንግዊኖች ዳታ አለ፤ 344 ወፎች፣ ሦስት ዝርያዎች፣ የምንቃርና የክንፍ ልክ። አንዳንዱ መዝገብ ላይ ልኩ የለም። ያንን ባዶ ቦታ ምን ታደርጉታላችሁ? መጽሐፉ ይህን ጥያቄ ብዙም አይጠይቃችሁም።

ከሁለቱ መሐል ላይ ያለ አንድ ግሩም ነገር አለ። ፍራንሲስ አንስኮምብ የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 አራት ትንንሽ ዳታዎች ሠራ፤ እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ አላቸው። በአራቱም የኤክስ አማካይ 9 ነው፣ የዋይ አማካይ 7.5 ገደማ፣ ኮሪሌሽኑ 0.816 አካባቢ፣ ለነጥቦቹ በጣም የሚቀርበው ቀጥ ያለ መስመርም 3 ሲደመር የኤክስ ግማሽ። በቁጥር ብቻ ካያችኋቸው መንትዮች ናቸው። ግራፍ ስትሥሉ ግን አንዱ ተራ የተበተነ ዳታ ነው። አንዱ ጠማማ ቅስት ነው። አንዱ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ አንድ ነጥብ ብቻ አፈንግጣለች። የመጨረሻው ደግሞ አንድ ነጥብ ሲቀር ሁሉም አንድ ኤክስ ላይ ተደርድረዋል፤ መስመሩን የፈጠረችው ያቺ ብቸኛ ነጥብ ነች። ዳታው አር ውስጥ አብሮ ይመጣል። አንድ ከሰዓት ስጡት። ከዚያ በኋላ ግራፍ ሳትሥሉ ኮሪሌሽን ማመን ይከብዳችኋል።

ምርጫዬ፦ አዲስ ርዕስ ስትጀምሩ መጽሐፍ፣ ርዕሱ ሲያልቅ እውነተኛ ዳታ። እውነተኛ ዳታ ላይ ከመጀመሪያው ቀን መዝለል ጀግንነት ይመስላል፤ ብዙ ሰው ግን ዳታ በማጽዳት ደክሞ ስታቲስቲክሱ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

በርዕስ ተራ ወይስ ተደባልቆ?

ከመሣሪያ ምርጫ ይልቅ ውጤት የሚቀይረው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። መጽሐፍ «ቲ-ቴስት» ከሚለው ምዕራፍ ቀጥሎ አሥር የቲ-ቴስት ጥያቄ ይሰጣል። አሥሩንም ትሠራላችሁ። ግን አንድ ጊዜም «ምን ልጠቀም?» ብላችሁ አላሰባችሁም፤ ርዕሱ ነግሯችኋላ። እኔ ፈተና ላይ የወደቅኩበት ጉድጓድ ይኸው ነው።

ተመራማሪዎቹ ዳግ ሮረርና ኬሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ተማሪዎች የጠጣር ቅርጾችን ይዘት ማስላት ተለማመዱ። አንዱ ቡድን በዓይነት በዓይነት፣ ሌላው ተደባልቆ። በልምምዱ ወቅት በተራ የሠሩት 89 በመቶ አገኙ፣ የተደባለቀባቸው 60። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን በተራ የሠሩት ወደ 20 ወረዱ፣ የተደባለቀባቸው 63 አገኙ። ይህ የጂኦሜትሪ ጥናት ነው፤ ነገር ግን የስታቲስቲክስ ተማሪ ችግር ተመሳሳይ ነው፤ ከሚመሳሰሉ ቀመሮች የሚሆነውን መምረጥ። ተደባልቆ ሲሠራ ደካማ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ስሜቱን አትመኑት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከተለያዩ ምዕራፎች ሃያ ጥያቄ በወረቀት ቁራጭ ገልብጡ፣ በውዙ፣ አንድ በአንድ አውጡ። አታስሉ። የምትጽፉት ይህን ብቻ ነው፦ ስንት ቡድን አለ? የተለካው ነገር ቁጥር ነው ወይስ ምድብ? ተመሳሳይ ሰዎች ሁለት ጊዜ ተለክተዋል? የትኛው ዘዴ ይሆናል? ስሌት ስለሌለበት ሃያውን በግማሽ ሰዓት ትጨርሳላችሁ። የምርጫ ስህተትን የሚያክም ከዚህ የፈጠነ መንገድ እስካሁን አላየሁም።

ማስታወሻ ደጋግሞ ማንበብንስ? ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ ደግመው ያነበቡ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይበልጣሉ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት ይበልጧቸዋል። ቪዲዮ ማየትም ከንባብ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። ለመረዳት ጥሩ ነው፣ ልምምድ ግን አይደለም።

ቻትቦትን በተመለከተ ባጭሩ፦ ጥያቄ እንዲያዘጋጅላችሁና የጻፋችሁትን ትርጓሜ እንዲተችላችሁ ተጠቀሙበት። መጀመሪያ መልሳችሁን ጻፉ፣ ከዚያ ጠይቁ። ያሰላውን ቁጥር ራሳችሁ ሳታረጋግጡ አትውሰዱ፤ ተሳስቶም በሙሉ ልብ ነው የሚናገረው።

እና የትኛውን ልያዝ?

ፈተና ሁለት ሳምንት ከቀራችሁ ኮድ አትጀምሩ። በወረቀት እና በተደባለቀ ጥያቄ ላይ ቆዩ። ፈተናው ሰንጠረዥ ማንበብ የሚጠይቅ ከሆነ ሰንጠረዡንም ጨምሩ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የሥራ ዳታ የሚጠብቃችሁ ከሆነ አንድ መሣሪያ ምረጡና እውነተኛ ዳታ ላይ ተለማመዱ። አንስኮምብን አትዝለሉ።

ፈተናም ጽሑፍም ሳይኖርባችሁ «ጥናት እንዲህ ይላል» የሚለውን ዜና በደንብ ለማንበብ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ከሳንቲሙ ጀምሩ። ቀመር ሳይበዛባችሁ ዋናውን ነገር ታገኙታላችሁ።

የት እንደምትሳሳቱ ገና ካላወቃችሁ ደግሞ አንድ ደብተር ያዙ። ጥያቄ በተሳሳታችሁ ቁጥር ከጎኑ አንድ ፊደል ጻፉ፦ ለስሌት «ስ»፣ ለምርጫ «ም»፣ ለትርጉም «ት»። ከሠላሳ ጥያቄ በኋላ ቁጠሯቸው። «ስ» ከበዛ እርሳሱን አንሱ፣ «ም» ከበዛ ጥያቄዎቹን በውዙ፣ «ት» ከበዛ ሳንቲም ፈልጉ። ከዚያ ሌላ ሠላሳ ሥሩና እንደገና ቁጠሩ፤ የበዛው ፊደል ሲቀየር ልምምዱንም ቀይሩት።